የቆዳ ሕመምና የዘር ሐሜት

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የጠባይን ነገር ለማመልከት የተባለ ቢሆንም በሕመም ረገድም እውነትነት አለው። ከአባትና ከእናት የሚወረሰው የመልክ ማማር፣ የቁመት ርዝመትና የድምፅ ቅላጼ ብቻ አይደለም። በሰውነት ውስጥ ተሰውሮ የሚሠራ የአንድ ረቂቅ ሠራተኛ ጉድለትም አብሮ ይወረሳል። የሚያሳዝነው ግን የትኛው ሕመም በዘር እንደሚመጣና የትኛው በዘር እንደማይመጣ ሳይለይ የሚሰጠው ፍርድ በአብዛኛው የተገላቢጦሽ መሆኑ ነው።

ማስረጃ እንጥቀስ። በአገራችን በብዙ ስፍራ ሥጋ ደዌ የዘር በሽታ ነው ተብሎ ሲታመን ኖሯል፤ ዛሬም ይህን እምነት ያልተወ ሰው ሞልቷል። በዚህም ምክንያት አንድ አያቱ በሥጋ ደዌ የታመሙበት ጐልማሳ ራሱ ጤናማ ሆኖ ሳለ ጋብቻ ተከልክሏል። በአንጻሩ ደግሞ ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ ቆዳው እንደ ዓሣ ቅርፊት የሆነ ሕፃን ሲታይ «ይጋባል» ተብሎ ይሸሻል። እንግዲህ በረቂቅ ተሕዋስ የሚመጣው በሽታ የዘር ተባለ፤ በዘር የሚመጣው ደግሞ ተላላፊ ተባለ። ሁለቱም በማያውቁት ነገር ተከሰሱ፤ ሁለቱም ሳይጠየቁ ተፈረደባቸው።

ይህ ስሕተት የኛ ብቻ ነው ብሎ ማፈር አያስፈልግም። በኖርዌይ አገር በበርገን ከተማ ሥጋ ደዌን ያጠኑት የታወቁት ሐኪም ዳኒየልሰን እንኳ በሽታው በዘር ይወረሳል ብለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1847 ከባልደረባቸው ከቦክ ጋር ጽፈው ነበር። የተሳሳቱ መሆናቸውን የገለጠው የርሳቸው ረዳትና የልጃቸው ባል የነበረው ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን ነው፤ በ1873 የበሽታውን ባክቴሪያ አገኘ። በአዲስ አበባ ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ የሚገኘው የምርምር ተቋም የዚህን ሰው ስም ይዞ «አርማወር ሐንሰን» መባሉን ተማሪዎች ሁሉ ሊያስታውሱት ይገባል። ሥጋ ደዌ ዛሬ ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ የተቀናጀ መድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ታማሚው ሕክምናውን ከጀመረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፉ ይቆማል። ስለዚህ የሥጋ ደዌን ነገር ሳይንስ ከዘር ዝርዝር ውስጥ ፍቆታል። ዛሬ ልንናገርለት የፈለግነው ግን በእውነት በዘር ስለሚወረደው ስለ ሌላው ነው።

ይህን ጉዳይ አቃቂ ቃሊቲ ላይ ሆነን ብናየው የተሻለ ይገለጥልናል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ያለው ይህ ክፍለ ከተማ የፋብሪካ፣ የጋራዥና የላብ አደር ሰፈር ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የከተማውንና የፋብሪካውን እድፍ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚኖር ወላጅ የልጁ ቆዳ ሲሰነጣጠቅ ቢያይ ጣቱን ወደ ወንዙ ቢቀስር አያስደንቅም። በወንዙ ላይ የሚቀርበው ክስም ከንቱ አይደለም፤ እድፍ የተቀላቀለበት ውሃ ለቆዳ እንደማይበጅ የታወቀ ነው። ነገር ግን አንድ ወንዝ በሁሉም ቤት በኩል እያለፈ፣ ከአንድ እናትና አባት ከተወለዱት ልጆች መካከል አንዱን ብቻ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ቅርፊት ሊያለብሰው አይችልም። እንዲህ ያለው ነገር ሲገጥም ምክንያቱን ከወንዙ ሳይሆን ከቆዳው ውስጥ መፈለግ ይገባል።

የቆዳችን የላይኛው ንጣፍ ከእጅ መዳፍና ከእግር ጫማ በቀር ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሃምሳኛ አይበልጥም። ይህ እንደ ስስ ወረቀት ያለ ነገር ግን የሰውነታችን አጥር ነው። በውስጥ ያለው ውሃ ተንኖ እንዳያልቅ ይይዛል፤ በውጭ ያለው ተሕዋስና መርዝ እንዳይገባ ይከለክላል። ሊቃውንት አሠራሩን ከግንብ ጋር ያመሳስሉታል። የደረቁትና ጠፍጣፋ የሆኑት ሕዋሳት ጡቦቹ ናቸው፤ በጡቦቹ መካከል ገብቶ የሚያያይዘው ኖራ ደግሞ ቅባት ነው። የዚህ ቅባት ግማሽ ያህሉ ሴራማይድ የሚባል ሲሆን፣ ሩብ ያህሉ ኮሌስትሮል፣ የቀረው በአብዛኛው የቅባት አሲድ ነው። ግንቡ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀርም አይደለም። ከሥር እየታደሰ፣ ከላይ እየረገፈ በ4 ሳምንት ገደማ ሙሉ በሙሉ ይተካል።

የዚህን ቅባት ጥቅም ለማወቅ የቃሊቲን ጋራዦች ማየት ይበቃል። በሥራ ላይ የዋለ ወጣት መካኒክ እጁን በቤንዚን ወይም በናፍጣ ሲታጠብ ግራሶው ወዲያው ይለቅለታል። ነገር ግን ከግራሶው ጋር የገዛ ቆዳው ቅባት አብሮ ይሄዳል፤ እጁም ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ያቃጥለዋል። ቀኑን ሙሉ በበረኪና ልብስ የምታጥብ ሴትም የሚደርስባት ይኸው ነው። እነዚህ ሰዎች በጤናማ ቆዳ የተወለዱ ስለሆኑ፣ ነገሩን ቢተዉት ግንበኛው ኖራውን መልሶ ይሞላላቸዋል። ግንበኛው ራሱ ከመጀመሪያው የሌለው ሰው ግን ምን ይሁን?

ግንበኛ ያልነው ኤንዛይምን ነው። ኤንዛይም በሕዋሳት ውስጥ አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጥ፣ የተለያየውንም የሚያጋጥም ሠራተኛ ፕሮቲን ነው። ሴራማይድን የሚያጋጥመው ኤንዛይም ሴራማይድ ሲንቴዝ ይባላል፤ በሰው ሰውነት ውስጥ 6 ዓይነት ሲሆን በቆዳ ግንብ ሥራ ዋነኛው ሦስተኛው ነው። የዚህ የሦስተኛው ልዩ ሙያ እጅግ ረጅም ሰንሰለት ያላቸውን የቅባት አሲዶች መርጦ ማያያዝ ነው። በኑግ ዘይት ውስጥ የምናገኛቸው የቅባት አሲዶች በአብዛኛው 16 ወይም 18 የካርቦን አተሞች ያሉባቸው ሲሆኑ፣ ይህ ኤንዛይም የሚሠራባቸው ግን 26ና ከዚያም በላይ ናቸው። ሰንሰለቱን ከአጭሩ እየቀጠሉ የሚያስረዝሙ ሌሎች ኤንዛይሞች አሉ። በመጨረሻም ሊኖሌይክ የተባለው አሲድ፣ ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችለውና ከምግብ ብቻ የሚያገኘው፣ በኑግ ዘይትም ውስጥ በብዛት ያለው፣ በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ይታሰራል። ከእነዚህ ሠራተኞች አንዱ ቢጐድል ግን ጥሬ ዕቃው ቢትረፈረፍም ግንቡ አይቆምም። የታመመውን ልጅ እናት «ቅባት ባለማብላትሽ ነው» ብሎ መውቀስ የማይገባውም ስለዚህ ነው።

የሦስተኛው ሴራማይድ ሲንቴዝ ጉድለት የሚያስከትለው ጉዳት በሚገባ የታወቀው በቅርብ ጊዜ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ተመራማሪዎች ይህ ኤንዛይም እንዲጐድላቸው የተደረጉ አይጦች ከቆዳቸው ውሃ እየተነነ ገና እንደተወለዱ እንደሚሞቱ አሳዩ። በተከታዩ ዓመት በ2013 ደግሞ የኤንዛይሙ ዘረመል ጉድለት በሰው ላይ የቆዳ ሕመም እንደሚያመጣ ታወቀ፤ ለዚህ ማስረጃ ከሰጡት ቤተሰቦች አንዱ በሰሜን አፍሪካ በቱኒዝያ የሚኖር፣ አባትና እናት የሥጋ ዘመዳሞች የሆኑበት ቤተሰብ ነው። ሕመሙ ኢክትዮሲስ ከሚባሉት ወገን ነው፤ ስሙ ዓሣ ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው። እንዲህ ያለው ሕፃን ብዙ ጊዜ በስስና በሚያብረቀርቅ ሽፋን ተጠቅልሎ ይወለዳል፤ ሽፋኑ ከተገፈፈ በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ይቀረፋል፣ ይደርቃል። ይህን የመሰለ ሕመም የሚያመጡት ዘረመሎች ከ10 በላይ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ በዚሁ በቆዳ ቅባት ሥራ ላይ የተሰማሩ ናቸው።

አሁን ወደ ዘር ሐሜቱ እንመለስ። እያንዳንዱ ሰው አብዛኛውን ዘረመል ሁለት ሁለት አድርጎ ይይዛል፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት የመጣ ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሥራውን ስለሚሠራ ሰውየው ጤናማ ሆኖ ይኖራል፤ ጉድለት መሸከሙንም አያውቅም። ሁለቱም ተሸካሚዎች የሆኑ ባልና ሚስት ሲገናኙ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመሙ ዕድል ከአራት አንድ ነው፤ እንደ ወላጆቹ ተሸካሚ የመሆኑ ዕድል ከአራት ሁለት፣ ከጉድለቱ ነፃ የመሆኑ ዕድል ደግሞ ከአራት አንድ ነው። ስለዚህ የታመመ ልጅ ሲወለድ «ካንቺ ዘር ነው» እያለ ሚስቱን የሚያባርር ባል ስለ ራሱ ዘር የሚያውቀው ነገር የለም። ከርሱ ግማሽ ባይመጣ ኖሮ ልጁ አይታመምም ነበር።

ከእናት በኩል ብቻ የሚመጣ የለም ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል፤ አለ። ስቴሮይድ ሰልፋቴዝ በሚባል ሌላ ኤንዛይም ጉድለት የሚመጣው ኢክትዮሲስ እናት ተሸክማው በወንዶች ልጆች ላይ የሚታይ ነው፤ ተሸካሚ ከሆነች እናት የሚወለድ እያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመታመሙ ዕድል ከሁለት አንድ ነው። ግን እናት ይህን ዘረመል መርጣ አላመጣችውም፤ ከወላጆቿ ወርሳ ወይም ሲፈጠር በአጋጣሚ ተለውጦ ያገኘችው ነው። ውርስ ጥፋት አይደለም፤ «የአባት ዕዳ ለልጅ» የሚለው ተረትም ዕዳውን ልጅ እንደሚከፍል እንጂ ልጅ እንዳጠፋ አይናገርም።

እዚህ ላይ የአባቶቻችንን አንድ ልማድ ማመስገን ተገቢ ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው አገራችን ክርስቲያኖች ዘንድ ዘመድ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ከዚያ በታች ጋብቻ አይፈቀድም። ሽማግሌዎቹ ስለ ዘረመል ምንም ሳያውቁ ያቆሙት ይህ ሥርዓት፣ አንድ ዓይነት ጉድለት ከአንድ አያት የወረሱ ሁለት ሰዎች እንዳይገናኙ ይረዳል። የቱኒዝያው ቤተሰብ ታሪክ የዚህን ጥቅም ይመሰክራል። ነገር ግን ዘመድን ለመለየት መቁጠር አንድ ነገር ነው፤ ነውር ለመፈለግ መቁጠር ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ትዳርን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ሰውን ያዋርዳል። ደግሞም ነውር ፈላጊው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ሐቅ አለ፤ እያንዳንዳችን፣ ጤናማ የምንባለው ሁሉ፣ ጥቂት የተበላሹ ዘረመሎችን ሳናውቃቸው ተሸክመን እንኖራለን። እንግዲህ ንጹሕ ዘር አለኝ ብሎ የሚፎክር ሰው ካለ ገና ያልተመረመረ ሰው ነው።

በዘር የመጣ ነገር መድኃኒት የለውም የሚለውም አስተሳሰብ ቢሆን መታረም አለበት። በአገራችን ደጋ ቦታዎች በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በሚሄዱ ገበሬዎች ላይ የሚታየውን ፖዶኮኒዮሲስ የተባለ የእግር እብጠት እንውሰድ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 በወላይታ ሕዝብ ላይ የተደረገ ጥናት ለዚህ በሽታ መጋለጥ በዘር እንደሚወረስ አረጋግጧል። ይሁን እንጂ ያን ዘር የወረሰ ሰው ከልጅነቱ ጫማ ቢያደርግና እግሩን ቢታጠብ ከበሽታው ይድናል። ዘሩ አልተለወጠም፤ ጫማው ግን አዳነው።

ለኢክትዮሲስም እንዲሁ ነው። ሥሩን የሚነቅል መድኃኒት እስካሁን ባይገኝለትም ኑሮን የሚያቀና እንክብካቤ አለው። የጎደለውን ኖራ ከውጭ መተካት ነው ዋናው ነገር፤ ልጁ ለብ ባለ ውሃ ከታጠበ በኋላ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ቫዝሊን ወይም ሐኪም ያዘዘውን ቅባት ደጋግሞ መቀባት። ቅርፊቱን በድንጋይና በጠንካራ ሳሙና መፈግፈግ ጉዳት ነው። ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበትን ቅባትም ለሕፃን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መቀባት አደገኛ ነው፤ ቆዳው አጥር ስለሌለው መድኃኒቱ ወደ ደም ይዘልቃል። እነዚህ ልጆች ላባቸው በደንብ ስለማይወጣ ፀሐይና ሙቀት ቶሎ ያደክማቸዋል፤ ጥላና ውሃ ያስፈልጋቸዋል። የዓይናቸው ቆብ ከተገለበጠም ሳይውል ሳያድር ለዓይን ሐኪም ማሳየት ይገባል። የአቃቂ ቃሊቲ ወላጅ በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሮ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል፣ ሲያስፈልግም በቆዳ ሕክምና ወደታወቀው ወደ አለርት መሄድ ይችላል።

«ታዲያ ኤንዛይሙን በስሙ ማወቁ ምን ይፈይዳል? ቫዝሊኑን አያቶቻችንም በቅቤ ተክተውት ነበር» የሚል ተማሪ ቢነሣ መልስ አለን። ቻይልድ ሲንድሮም በሚባል ሌላ የቆዳ ሕመም ኮሌስትሮል የሚሠራ አንድ ኤንዛይም ይጐድላል። በቆዳው ላይ ኮሌስትሮል ብቻ መቀባት አልበቃ ሲል፣ ተመራማሪዎች ከኤንዛይሙ በፊት የተከማቸው ያላለቀ ሥራ ራሱ መርዝ ሳይሆን እንደማይቀር አሰቡ። ስለዚህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ኮሌስትሮልን ክምችቱን ከሚያቆም መድኃኒት ጋር ቀላቅለው ቀቡት፤ የታማሚዎቹ ቆዳም ተሻለው። የጐደለው ሠራተኛ ማን እንደሆነ ባይታወቅ ኖሮ ይህ መድኃኒት አይታሰብም ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ይበልጥ ይመለከተናል። በአውሮፓ ፊላግሪን የተባለው የቆዳ ፕሮቲን ጉድለት ለተለመደው የቆዳ ድርቀትና ለችፌ ትልቅ ምክንያት መሆኑ በ2006 ከታወቀ በኋላ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲና የስዊድን ካሮሊንስካ ተቋም ሐኪሞች አብረው ኢትዮጵያውያን ታማሚዎችን መረመሩ። በ2011 ያወጡት ውጤት እንዳሳየው በአውሮፓ የተለመዱት ጉድለቶች በኛ ታማሚዎች ላይ አልተገኙም። ሕመሙ ይመሳሰላል፤ ምክንያቱ ግን ይለያያል። እንግዲህ የኢትዮጵያዊን ቆዳ ምሥጢር ሌላ አገር መርምሮ እንዲያመጣልን ብንጠብቅ የሚመጣልን የሌላ ሰው መልስ ነው። ባዮሎጂ የምታጠኑ ወጣቶች የሥራችሁ መስክ የት እንደሆነ ከዚህ ልትረዱት ትችላላችሁ።

በወረዳና በክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት ለተቀመጣችሁ ወጣት ሠራተኞች፣ በትምህርት ቤት ላላችሁ መምህራንም የምንለው አለን። የሌሎቹ ልጆች ወላጆች አጉረመረሙ ተብሎ ቆዳው የተቀረፈ ልጅ ከመማሪያ ክፍል መባረር የለበትም። «የሐኪም ወረቀት አምጣ» ማለት ሲያስፈልግ ወረቀቱ ልጁን ለማስወጣት ሳይሆን ለማስገባት መጠየቅ አለበት። በአግዳሚው ላይ ከሌላ ልጅ ጋር መቀመጥ፣ ቀዝቃዛ ጥግ ማግኘት፣ የቅባቱን ጠርሙስ ይዞ መግባት፣ በፀሐይ ከሚደረገው ሩጫ መቅረት፤ ለዚህ ሁሉ ልዩ በጀት አያስፈልግም። ለድኻ ቤተሰብ ግን በየወሩ የሚያልቀው ቅባት ከባድ ወጪ ነውና፣ በጤና መድኅንና በእርዳታ ዝርዝር ውስጥ ይህን ማሰብ የናንተ ፈንታ ነው።

በሽታው ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚይዝ ስለሆነ ይህን ያህል መነገሩ ከልክ ያለፈ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ በሦስተኛው ሴራማይድ ሲንቴዝ ጉድለት የሚታመሙት በዓለምም ጥቂቶች ናቸው። ሐሜቱ ግን ጥቂቶችን ብቻ አይነካም። የሥጋ ደዌውን የልጅ ልጅ ጋብቻ የከለከለው፣ የእብጠቱን ታማሚ ከዕቁብ ያራቀው፣ የችፌውን ልጅ ከጨዋታ ያስወጣው አንዱ ሐሜት ነው። አንድ ልጅ በአቃቂ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲታይ ለመጠየቅ የሚገባው «የማን ዘር ነው?» ሳይሆን «የትኛው ክፍል ነው የሚቀመጠው?» የሚለው ነው።